ሱፐርኮንዳክቲንግ ማግኔትን ከክፍል ሙቀት ወደ ፈሳሽ ሂሊየም ሙቀት ማውረድ፦ ከላቦራቶሪ ሥራዬ የተገኘ ተሞክሮ

የምሠራው በኔዘርላንድስ በሚገኝ አንድ የዝቅተኛ ሙቀት ፊዚክስ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሆን፣ ከሥራ ድርሻዬ አንዱ እስከ 9 ቴስላ መግነጢሳዊ መስክ የሚሰጥና ከኒዮቢየም ታይታኒየም ሽቦ የተጠቀለለ ሱፐርኮንዳክቲንግ ማግኔት (ሽቦው በበቂ ሁኔታ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ተቃውሞ የሚያስተላልፍ) ለሙከራ ዝግጁ ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ማግኔቱ አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል በፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ ተነክሮ ያሳልፋል። ይሁን እንጂ የውስጥ ሽቦ ሲበጠስ፣ የቫኪዩም ጎማ ሲቀየር ወይም ሕንፃው ሲታደስ ወደ ክፍል ሙቀት እንዲመለስ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ እንደገና ከ300 ኬልቪን አካባቢ (27 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ) ወደ 4.2 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ) ማውረድ ግድ ይሆናል። በኢትዮጵያም ሆነ በውጭ አገር ለከፍተኛ ትምህርት ወደ እንዲህ ዓይነት ላቦራቶሪ የሚገቡ ወጣቶች የአምራቹ መመሪያ ምን መደረግ እንዳለበት በዝርዝር ቢነግራቸውም ለምን እንደሚደረግ ግን ብዙውን ጊዜ ስለማያስረዳቸው፣ በሥራው ላይ ያየሁትን በአማርኛ ማስፈር ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አስቀድሜ መናገር የምፈልገው ነገር ቢኖር፣ የማቀዝቀዙ ሥራ የሚሳካው ወይም የሚበላሸው በአመዛኙ ሂሊየሙ ከመከፈቱ በፊት መሆኑን ነው። ብዙ ሰው ልቡ የሚንጠለጠለው ፈሳሽ ሂሊየም በሚተላለፍበት ሰዓት ላይ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ሰዓት የሚታየው ችግር ሁሉ ማለት ይቻላል ሥሩ ወደኋላ ተመልሶ በቫኪዩሙ፣ በእርጥበቱ ወይም ተጠርጎ ባልወጣው ናይትሮጅን ላይ ይገኛል።

ሥራው ለምን በሁለት ደረጃ፣ ማለትም መጀመሪያ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀጥሎም በፈሳሽ ሂሊየም፣ እንደሚከናወን ለመረዳት መዳብን በምሳሌነት እንውሰድ፤ የማግኔቱ ሽቦ ራሱ ጥቃቅን የኒዮቢየም ታይታኒየም ክሮችን በመዳብ ውስጥ የያዘ ነውና። 1 ኪሎ ግራም መዳብ ከክፍል ሙቀት ተነሥቶ 4 ኬልቪን እስኪደርስ ድረስ ከውስጡ መውጣት ያለበት ሙቀት ወደ 80 ኪሎ ጁል ይጠጋል፤ ከዚህ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚወጣው ገና 77 ኬልቪን (ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚፈላበት ሙቀት) ላይ ሳይደረስ ነው፤ ምክንያቱም የብረታ ብረት ሙቀት የመያዝ አቅም ቅዝቃዜው በጨመረ ቁጥር እጅግ ይቀንሳል። በሌላ በኩል 1 ሊትር ፈሳሽ ሂሊየም ተንኖ ሲያልቅ የሚወስደው ሙቀት 2.6 ኪሎ ጁል ያህል ብቻ ሲሆን፣ 1 ሊትር ፈሳሽ ናይትሮጅን ግን ወደ 160 ኪሎ ጁል ይወስዳል። ስለዚህ ከክፍል ሙቀት ጀምሮ በሂሊየም ትነት ብቻ እንሥራ ብንል ለእያንዳንዱ ኪሎ መዳብ 30 ሊትር ገደማ ልናጠፋ እንችላለን። ሂሊየም ከተፈጥሮ ጋዝ ጋር ከምድር የሚወጣ፣ ዋጋው ከናይትሮጅን ጋር ጨርሶ የማይነጻጸርና አንዴ ወደ አየር ከተለቀቀ የማይመለስ ሀብት በመሆኑ፣ ይህን ማድረግ ለእኔ ከኪሳራም በላይ ነው።

በጄኔቫ አቅራቢያ የሚገኘው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል የሰርን ትልቁ የሃድሮን ማፋጠኛም የሚቀዘቅዘው በዚሁ ስሌት ነው፤ መጀመሪያ ወደ 80 ኬልቪን ለመውረድ 10,000 ቶን ያህል ፈሳሽ ናይትሮጅን ይተናል። እዚያ ግን ናይትሮጅኑ የሚተነው በሙቀት መለዋወጫዎች ውስጥ ሆኖ ሂሊየሙን ያቀዘቅዛል እንጂ ወደ ማግኔቶቹ አይገባም። እኛ በትንንሽ ላቦራቶሪዎች ያለን ሰዎች ይህ ዕድል ስለሌለን ናይትሮጅኑን በቀጥታ ማግኔቱ ወደሚቀመጥበት የሂሊየም ዕቃ እንሞላዋለን፤ የሥራው ዋና ፈተናም ከዚህ ይመነጫል።

ከሁሉ የሚቀድመው የቫኪዩሙ ሥራ ነው። በሂሊየሙ ዕቃና በውጭው ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት ውስጥ አሉሚኒየም የተቀቡ ቀጫጭን የፕላስቲክ ንብርብሮች አሉ። ክፍተቱ ለአየር ተከፍቶ ከነበረ እነዚህ ንብርብሮች እርጥበት ጠጥተዋል፤ እርጥበቱም በአንድ ሌሊት አይወጣም። ቱርቦ ፓምፑን አስነሥቼ ለቀናት እንዲሠራ እተወዋለሁ፤ የግፊት መለኪያው ጌጅ ከ10⁻⁴ ሚሊባር በታች ካልወረደ ወደሚቀጥለው ደረጃ አላልፍም፤ 10⁻⁵ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ልቤ ያርፋል። ነገር ግን ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። የፓምፑን ቫልቭ ዘግቶ ግፊቱ እንዴት እንደሚጨምር በየደቂቃው መመዝገብ ያስፈልጋል፦ ጭማሪው መጀመሪያ ፈጣን ሆኖ ቀስ በቀስ የሚዝል ከሆነ ከግድግዳውና ከንብርብሮቹ የሚወጣ እርጥበት ነው፤ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ያለማቋረጥ የሚጨምር ከሆነ ግን አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ያን ጊዜ የሂሊየም ሊክ (ቀዳዳ) መፈለጊያውን አገናኝቶ፣ ሂሊየም ወደ ላይ የሚወጣ ጋዝ በመሆኑ ከላይኛው መጋጠሚያ ጀምሮ ወደ ታች እየወረዱ ጋዙን በጥቂት በጥቂቱ መርጨት ይገባል። ሂሊየም በጎማ ማኅተም ውስጥ ራሱ ቀስ ብሎ ስለሚሰርግ፣ በአንድ መጋጠሚያ ላይ ረጅም ጊዜ የሚረጭ ሰው የሌለ ቀዳዳ ያገኘ ሊመስለው ይችላል።

ማግኔቱ ገና ሙቅ ሳለ ሁሉንም የኤሌክትሪክ ልኬቶች መውሰድ ሁለተኛው የማልዘለው ነገር ነው። የጥቅሉን (የማግኔቱን የሽቦ ጥምጥም) ሬዚስታንስ ማለትም ለኤሌክትሪክ ያለውን ተቃውሞ፣ የፐርሲስተንት ስዊቹን (ጅረቱ ያለ ኃይል ምንጭ በጥቅሉ ውስጥ እንዲዞር የሚያደርገውን መቀየሪያ) ማሞቂያ፣ የእያንዳንዱን ቴርሞሜትር ንባብ፣ እንዲሁም ጥቅሉ ከማግኔቱ አካል ጋር አለመነካካቱን ለክቼ ቀኑንና የክፍሉን ሙቀት ጨምሬ በመዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ይህ ሁሉ የሚደረገው ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ነው፦ መዳብና የማይዝግ ብረት ከክፍል ሙቀት ወደ 4 ኬልቪን ሲወርዱ ከርዝመታቸው 0.3 በመቶ ገደማ ያጣሉ፤ አሉሚኒየም ከ0.4 በመቶ በላይ፣ ሽቦዎቹን አጣብቆ የያዘው ኢፖክሲ ደግሞ 1 በመቶ ገደማ ያጣል። በሙቀት ሰዓት ደህና የነበረ ብየዳ በቅዝቃዜ ሊላቀቅ፣ የተራራቁ ሽቦዎችም ሊነካኩ ይችላሉ። መነሻው ካልተመዘገበ በ77 ኬልቪን የሚነበበው ቁጥር ደህና ይሁን አይሁን የሚያውቅ አይኖርም።

የሂሊየሙ ዕቃ ራሱም አየርና እርጥበት ሊኖርበት አይገባም። ዕቃውን በፓምፕ ባዶ አድርጎ በንጹሕ ሂሊየም ጋዝ መሙላት፣ ይህንንም ደጋግሞ ማድረግ አሰልቺ ቢመስልም፣ በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ የቀረች ጥቂት ውሃ በኋላ በረዶ ሆና መተንፈሻውን ልትዘጋ እንደምትችል ላወቀ ሰው ጊዜው አይቆጨውም።

ወደ ናይትሮጅኑ ስንመጣ፣ ከሁሉ በፊት የክፍሉ የኦክስጅን መቆጣጠሪያ መሥራቱን፣ የአየር ማስወጫው መከፈቱን፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ መደረጉን አረጋግጣለሁ። ናይትሮጅን ቀዝቃዛ ሳለ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ሂሊየም ወደ ጣሪያው ይወጣል፤ ሁለቱም ሽታ የላቸውም፤ ሁለቱም ኦክስጅኑን ያፈናቅላሉ። መቆጣጠሪያው 19.5 በመቶ ላይ ከጮኸ ሥራው ምንም ደረጃ ላይ ቢሆን ሁሉም ሰው ይወጣል፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ናይትሮጅኑን መጀመሪያ በጣም በዝግታ መክፈት ይገባል። የጥቅሉ ውጫዊ ክፍል በፍጥነት ቀዝቅዞ ሲኮማተር ውስጡ ገና ሙቅ ከሆነ ኢፖክሲው ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በጋለ ብርጭቆ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንደማፍሰስ ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሰዓት የምፈልገው ፈሳሹን ሳይሆን ቀዝቃዛውን ጋዝ ነው። በማግኔቱ ላይና ታች የተገጠሙት የፕላቲኒየም ቴርሞሜትሮች በክፍል ሙቀት 110 ኦም አካባቢ ያነባሉ፤ በ77 ኬልቪን ወደ 20 ኦም ይወርዳሉ። እኔ የምከታተለው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ልዩነቱ አምራቹ ከፈቀደው ሲበልጥ ቫልቩን እቀንሳለሁ። ፈሳሽ መጠራቀም ሲጀምር ከመውጫው የሚመጣው ድምፅ ይለወጣል፤ ወፍራም ነጭ ጭጋግም ከቱቦው አፍ ወደ መሬት ይወርዳል። ዕቃው ከሞላ በኋላ ሌሊቱን እንዲያድር እተወዋለሁ፤ ቴርሞሜትሩ ጥቅሉ ላይ ላዩን 77 ቢያነብም በኢፖክሲ የታሸገው ውስጡ ሙቀቱን የሚለቀው በዝግታ ነውና። ጠዋት የጥቅሉን ሬዚስታንስ ስለካ ከመነሻው ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ወርዶ ካገኘሁት መዳቡ በእርግጥ መቀዝቀዙን ያረጋግጥልኛል። ጥቅሉን ከማግኔቱ አካል የሚለየውን መከላከያም እዚህ ላይ እንደገና እለካለሁ፤ ችግር ካለ አሁን ማወቅ ሂሊየም ከገባ በኋላ ከማወቅ እጅግ ይሻላል፤ መኮማተሩም በአብዛኛው እስከ 77 ኬልቪን ድረስ ያለቀ በመሆኑ የሚላቀቅ ነገር ካለ ብዙውን ጊዜ እዚሁ ይታወቃል።

አሁን ናይትሮጅኑን የማስወጣቱ ሥራ ይመጣል፤ ሰፊ ቦታ የምሰጠውም ለዚህ ነው። ናይትሮጅን በ63 ኬልቪን በረዶ ይሆናል። በዕቃው ግርጌ የቀረ 1 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ከ77 ወደ 4.2 ኬልቪን እስኪወርድ የሚጠይቀው ማቀዝቀዣ ከ15 ኪሎ ግራም በላይ መዳብ ከሚጠይቀው ይበልጣል፤ በዚህም ላይ በረዶው የማስተላለፊያ ቱቦው የሚቀመጥበትን ቀዳዳ ይደፍናል፣ የፈሳሹን ከፍታ የሚያሳየውን የደረጃ መለኪያ ይሸፍናል፣ በጥቅሉ ዙሪያም ይጣበቃል። በእንግድነት በቆየሁበት በአንድ ሌላ ላቦራቶሪ ሁለት የሂሊየም ዴዋር (ፈሳሹ የሚከማችበት በቫኪዩም የተከለለ ዕቃ) ተሟጦ ማግኔቱ ከ40 ኬልቪን አካባቢ አልወርድ ሲል አይቻለሁ፤ በመጨረሻ ሁሉም ነገር እንዲሞቅ ተደርጎ ሲታይ ምክንያቱ ከሥር የቀረ ናይትሮጅን ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እስከ ዕቃው ወለል የሚደርስ ቱቦ ይገባል፣ የላይኛው መውጫ ይዘጋል፣ ከላይ በጥቂቱ የጋዝ ግፊት ሲሰጥ ፈሳሹ በቱቦው ወደ ላይ ወጥቶ ወደ መቀበያ ዴዋር ይፈስሳል። ለዚህ ደረቅ ናይትሮጅን ጋዝ የሚጠቀሙ አሉ፤ እኔ ግን ናይትሮጅን በግፊት ሥር በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ተመልሶ ፈሳሽ ሊሆን ስለሚችል ሂሊየም ጋዝን እመርጣለሁ። ፈሳሹ በሚወጣበት ጊዜ ቱቦው ከባድና የማያቋርጥ የመፍሰስ ድምፅ ያሰማል፤ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ መንተፍተፍ ይጀምራል፤ ጠብታዎች በጋዝ እየተገፉ በየመሀሉ ይተፋሉ፤ ቀጥሎ የጋዝ ፉጨት ብቻ ይቀራል። ብዙዎች እዚህ ላይ አለቀ ብለው ያቆማሉ። አላለቀም፤ ቱቦው ከወለሉ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ከሥሩ የተኛ ፈሳሽ ይኖራል። ስለዚህ ጋዙ ለረጅም ጊዜ እንዲያልፍ አደርግና የታችኛው ቴርሞሜትር ከ77 ኬልቪን አልፎ ወደ 80ዎቹ መውጣት መጀመሩን እጠብቃለሁ። ፈሳሽ እስካለ ድረስ ይህ ንባብ አይነቃነቅም።

ቀጥሎ ዕቃውን በፓምፕ እስባለሁ፤ ዓይኔም ከጌጁ አይነሣም። ዕቃው ደረቅ ከሆነ ግፊቱ ያለማመንታት ወርዶ ከ1 ሚሊባር በታች ይገባል። ናይትሮጅን ካለ ግን መውረዱ ይዘገይና 125 ሚሊባር አካባቢ ሲደርስ መርፌው ይቆማል፤ ይህ ናይትሮጅን ፈሳሽ፣ በረዶና ጋዝ ሆኖ በአንድነት የሚገኝበት ግፊት ነው፤ ማለትም ከሥር ያለው ፈሳሽ በረዶ መሥራት ጀምሯል። በዚህ ጊዜ ፓምፑን ወዲያው ማቆም፣ ዕቃውን በሙቅ ሂሊየም ጋዝ መሙላትና የማስወጣቱን ሥራ ከመጀመሪያው መድገም ይገባል። ጌጁ ፍጹም ግፊትን የሚያነብ መሆን እንዳለበት በተለይ በከፍታ ቦታ ለሚሠሩ ማሳሰብ እወዳለሁ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ በመሆኑ ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚፈላው በ77 ሳይሆን በ75 ኬልቪን አካባቢ፣ ሂሊየምም ከ4 ኬልቪን በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ነው፤ 125 ሚሊባሩ ግን በየትኛውም ከፍታ አይለወጥም፤ ከአካባቢው አየር ጋር እያነጻጸረ የሚያነብ ጌጅ ግን ሌላ ቁጥር ይሰጣል።

ሂሊየሙን ከማስገባቴ በፊት የውጭውን ቫኪዩም ቫልቭ እዘጋለሁ፤ ከዚህ በኋላ ቀዝቃዛው ግድግዳ ራሱ የቀሩትን ጋዞች ይዞ ያስቀራቸዋልና፣ ፓምፑ በድንገት ቢቆም ወደ ኋላ አየር የሚገባበትን መንገድ ክፍት መተው አያስፈልግም። ከዚያ የማስተላለፊያ ቱቦው ጫፍ በማግኔቱ ሥር ባለው ቀዳዳ ላይ በትክክል መቀመጡን አረጋግጣለሁ። ጫፉ ከተቀመጠ ቀዝቃዛው ጋዝ ከማግኔቱ ሥር ተነሥቶ በጥቅሉ ዙሪያ እያለፈ ወደ ላይ ይወጣል፤ ካልተቀመጠ ግን ማግኔቱን ሳይነካ በቀጥታ ወደ መውጫው ይሄዳል። በኋላ ዕቃው ሂሊየም ይዞ ሳለ ለመጨመር ሲፈለግ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ያን ጊዜ ጫፉ ከቀዳዳው ከፍ ማለት አለበት፤ ከቱቦው መጀመሪያ የሚወጣው ሙቅ ጋዝ ያለውን ፈሳሽ ሰንጥቆ እንዳያተነው።

ቱቦውን ወደ ሂሊየም ዴዋሩ የማስገባው ቀስ ብዬ ነው፤ ሙቅ ብረት ፈሳሹን ሲነካ ግፊቱ ስለሚነሣ። ዝውውሩ መጀመር ያለበት በጣም ዝቅ ባለ ግፊት ነው። ከ4.2 ኬልቪን ተነሥቶ እስከ 77 የሚሞቅ የሂሊየም ጋዝ ከትነቱ ብቻ ከ15 እጥፍ በላይ ሙቀት ሊወስድ ይችላል፤ ይህን ጥቅም የምናገኘው ግን ጋዙ በማግኔቱ ዙሪያ የሚቆይበት ጊዜ ካገኘ ነው። መውጫው ላይ እጄን በጓንት አስጠግቼ፣ ቱቦው የሚይዘውን ውርጭ ርዝመት እያየሁ ፍጥነቱን አስተካክላለሁ፤ ማግኔቱ ገና 60 ኬልቪን ላይ ሳለ መውጫው እስከ ሩቅ ድረስ በውርጭ ከተሸፈነ ቅዝቃዜው ሳይሠራ ወደ ጋዝ መሰብሰቢያው እየሄደ ነውና ግፊቱን እቀንሳለሁ። ጋዙን በሙሉ ወደ መሰብሰቢያው ፊኛ ማስገባት በእኛ ላቦራቶሪ ግዴታ ነው፤ ተጨምቆና ተጣርቶ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል።

የሙቀት መጠኑ ከ20 ኬልቪን በታች ሲወርድ ነገሩ ይፈጥናል፤ መዳቡ የሚይዘው ሙቀት እዚያ ላይ ከምንም አይቆጠርም። የጥቅሉን ሬዚስታንስ በትንሽ ኤሌክትሪክ እየለካሁ እቆያለሁ፤ 9 ኬልቪን አካባቢ ሲደረስ ንባቡ በድንገት ወርዶ የመገናኛ ሽቦዎቹ ሬዚስታንስ ብቻ ይቀራል። የኔዘርላንድሱ የፊዚክስ ሊቅ ካሜርሊንግ ኦኔስ በ1911 በላይደን ከተማ በሜርኩሪ ላይ ያየው ክስተት ይህ ነው፤ ስንት ጊዜ ባየውም የማይሰለቸኝ እውነት ነው። ጥቂት ቆይቶ የደረጃ መለኪያው መንቀሳቀስ ይጀምራል። መለኪያው ራሱ ሱፐርኮንዳክቲንግ ሽቦ ሲሆን በፈሳሹ ውስጥ ያለው ክፍሉ ሬዚስታንስ ያጣል፤ ሁልጊዜ በርቶ ከቆየ ግን ሂሊየሙን ያተናል፤ 1 ዋት ሙቀት በሰዓት 1.4 ሊትር ያህል ያጠፋልና። ፈሳሽ መጠራቀም ከጀመረ በኋላ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ሙሌቱን መጨረስ ይቻላል።

ከሞላ በኋላ ቱቦው ወጥቶ ቀዳዳው ወዲያው መደፈን አለበት፤ ለደቂቃ ክፍት ቢቀር የሚገባው እርጥብ አየር በአንገቱ ላይ በረዶ ይሠራል፣ የተዘጋ አንገትም ግፊት የሚጠራቀምበት አደገኛ ዕቃ ነው። የደህንነት ቫልቮቹ ነፃ መሆናቸውን በእጄ ዳስሼ አረጋግጣለሁ። በዕለቱ ማግኔቱን ኤሌክትሪክ አልሰጠውም። ሌሊቱን አሳድሬ ደረጃውን አነብባለሁ፤ ትነቱ ካለፈው ጊዜ መዝገብ በግልጽ ከበለጠ መጀመሪያ የምመለከተው የማግኔቱን ዕቃ ውጫዊ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳው ካላበ ወይም ሲነካ ከቀዘቀዘ ቫኪዩሙ ተበላሽቷል፤ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱን በአንገቱ መድፈኛዎችና በኤሌክትሪክ መግቢያዎቹ ላይ እፈልጋለሁ።

ትነቱ ከረጋ በኋላ የመጀመሪያው የመስክ ማሳደግ ከተለመደው ፍጥነት በዝግታ ይከናወናል፣ በየመሀሉም ይቆማል። ሞቆ የተመለሰ ጥቅል ሽቦዎቹ እንደገና ቦታቸውን ሲይዙ ክዌንች ሊያደርግ፣ ማለትም ሱፐርኮንዳክቲንግነቱን በድንገት አጥቶ ሊሞቅ ይችላል፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ሊትር ፈሳሽ ከ700 ሊትር በላይ ጋዝ ሆኖ ስለሚወጣ መውጫው ወደ መሰብሰቢያው ወይም ወደ ውጭ አየር ክፍት መሆኑ ቀድሞ ይታያል፣ በክፍሉ ውስጥም አስፈላጊ ያልሆነ ሰው አይቆምም፤ የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ደግሞ መስኩ 0.5 ሚሊቴስላ ከሚደርስበት መስመር ውጭ እንዲሆን ይደረጋል። ማግኔቱ ሙሉ መስኩ ላይ ደርሶ ሳይናወጥ ከቆየ የሂሊየሙን ደረጃ፣ የትነቱን መጠንና በሦስቱ የሙቀት ደረጃዎች የተወሰዱትን የሬዚስታንስ ልኬቶች በአንድ ገጽ ላይ አስፍሬ ከማግኔቱ አጠገብ እሰቅላለሁ፤ ቀጣዩን ማቀዝቀዝ የሚያከናውነው ሰው የራሱን ንባብ የሚያመሳክረው ከዚያ ገጽ ጋር ነው።